የሰኩለንት ጥያቄዎቻችሁ፦ ክረምት ሲገባ ለምን ይበሰብስብናል?

ሰሞኑን ለዚህ አምድ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት ተክል ናቸው። እነዚህ ቅጠላቸው ወፍራም ሆኖ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን እየተደራረበ የሚወጣው፣ ሰኩለንት የምንላቸው፣ አንዳንዱም ሰው ዝም ብሎ ካክተስ የሚላቸው። ጥያቄው ከአዲስ አበባም ከሪያድም ከሜሪላንድም ነው የመጣው፣ ቦታው ይለያይ እንጂ ችግሩ ሲታይ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ ብርሃን ቀንሶ ሳለ ውሃው አልቀነሰም። ስለዚ መልሶቹን ሳነብላችሁ የኔ ከተማ አይደለም ብላችሁ አትለፉት፣ የሌላው ጥያቄ ውስጥ የናንተም መልስ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ (ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ በረንዳዬ ላይ ኤኬቬሪያ ምናምን የሚሏቸውን ከመንገድ ዳር አበባ ሻጮች ገዝቼ ደርድሬያለሁ። በጋውን በጣም ያምሩ ነበር፣ አሁን ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ውሃ የቋጠሩ ይመስላሉ፣ ገና ስነካቸው ይረግፋሉ። ዩቲዩብ ላይ በሰመር በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጡ ስለሚሉ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሳላቋርጥ አጠጣሁ፣ ስፕሬይም አደርጋለሁ። ምን ሆኖብኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ውሃውን ዛሬውኑ አቁሚው፣ ስፕሬዩንም ጭምር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ከመሰለና ሳይጎተት ከረገፈ ጠምቶት አይደለም፣ ስሩ ታፍኖ እየበሰበሰ ነው። የጠማው ሌላ ነው የሚመስለው፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ በጣት ጫን ስትይው ለስለስ ይላል፣ ግን ቀለሙ ጤነኛ ነው ግንዱንም አጥብቆ ይዟል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከቻልሽ ግማሹን ስራ ጨረስሽ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የበሰበሰውን ተክል ጠማው ብሎ ደግሞ ውሃ ይጨምርበታል።

አሁን ስለ ቪዲዮው። የምታዪው ሰው ካሊፎርኒያ ወይ እንግሊዝ ሆኖ ነው የሚያወራው፣ እዛ ሰመር ማለት ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ ነው፣ ቀኑ ረጅም ነው ፀሐይዋም ትሰነብታለች፣ ተክሉም ያድጋል ውሃም ይጠጣል። የኛ ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው፣ ደመናው አይገለጥም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ያጠጣሽው አፈር በሳምንትም በሁለት ሳምንትም ላይደርቅ ይችላል። የኛ ብራ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ነው በደንብ ማጠጣት የሚያስፈልገው፣ እነሱ ደግሞ ያን ጊዜ ዊንተር ገባ ብለው ውሃ ቀንሱ ይሉሻል። በአጭሩ የነሱን ካላንደር ይዞ አዲስ አበባ ላይ ማጠጣት ተክሉን ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው፣ አንዴ በማፈን አንዴ በጥማት።

የሚገርመው ነገር ኤኬቬሪያ አብዛኛው ዘሩ ከሜክሲኮ ደጋ ነው፣ የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፣ ዝናባቸውም እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚከብደው። ታዲያ እዛ ለምን አይበሰብስም? እዛ የሚበቅለው ገደል ላይና ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ይመታዋል ወዲያው ተንሸራቶ ይሄዳል፣ ስሩ ውሃ ውስጥ አያድርም። አንቺ ጋ ግን ፕላስቲክ ፖት ውስጥ ጭቃ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚ አዲስ አበባ ለኤኬቬሪያ የምትስማማ ከተማ ናት፣ አየሩን አትጥይው፣ የሚገድለው ፖቱና አፈሩ ነው።

እንዲህ አድርጊ፦ ተክሉን ከፖቱ አውጪና አፈሩን ሙሉ በሙሉ አራግፊ። ስሩ ጥቁርና ልፍስፍስ ከሆነ፣ ግንዱን በንጹህ ምላጭ ከታች ጀምረሽ ስስ ስስ እያደረግሽ ቁረጪ፣ ቆርጠሽ የቆረጥሽበትን ተመልከቺ። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይ ክብ ካለ ገና አልጨረሽም፣ ትንሽ ከፍ ብለሽ ድገሚ፣ ምላጩንም በየጊዜው በአልኮል ጥረጊ። የተቆረጠው ፊት ንጹህ አረንጓዴ ወይ ነጣ ያለ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ነው፣ ትንሽ ቡናማ ብትተዪበት በሳምንቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከዛ ያለ አፈር ጥላ ቦታ አስቀምጪው፣ ቁስሉ እስኪጠግ ከ4 እስከ 7 ቀን፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከዛም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከጠገገ በኋላ ደረቅ አፈር ላይ ቁጭ አድርጊው፣ ትንንሽ ስር አውጥቶ ስታዪ ነው የመጀመሪያውን ውሃ የምትሰጪው።

ለቀሪዎቹ ደግሞ ቀን መቁጠሩን ተዪው። ቀጭን እንጨት እስከ ፖቱ ታች ሰክተሽ አውጪ፣ እርጥበት ይዞ ከወጣ አታጠጪ። ወይ ፖቱን አንሺው፣ ደረቁ ሲነሳ ቅልል ይላል፣ እጅሽ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይለምደዋል። ስታጠጪ ከታች በቀዳዳው እስኪወርድ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ ነው የሚያርሰው። በረንዳሽ ላይ ዶፍ የሚያገኘው ጥግ ካለ ወደ ውስጥ ሳቢያቸው፣ የጣራ ጠፈጠፍ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ በጭራሽ እንዳይሆን።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ችግኝ ጣቢያ ያለው ልጅ የጫካ አፈርና ፍግ ቀላቅለህ ትከል አለኝ፣ ሌላው ደግሞ አሸዋ ብቻ ይበቃዋል ይላል፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሉት ፐርላይት (አፈር እንዲተነፍስ የሚቀላቀለው ነጭ ቀላል ጠጠር) ምናምን እዚህ አላገኘሁም፣ የቱን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ አንተ እኮ የታደልክ ነህ፣ ሰው በውድ የሚገዛው ነገር እናንተ አካባቢ በገልባጭ መኪና ነው የሚጫነው። መንገድ ስራ ላይ የሚደፉት ሬድ አሽ፣ ያ ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ለሰኩለንት ከፐርላይት አይተናነስም እንዲያውም ስለሚከብድ ፖቱን አያስገለብጥም። ብሎኬት የሚሰሩበት ፑሚስም እንደዛው ነው። ሁለቱም ቀዳዳቸው ውስጥ ትንሽ እርጥበት ይይዛሉ የቀረውን ይለቃሉ፣ በመሃል አየር ይገባል፣ ስር የሚፈልገው እሱን ነው።

በወንፊት ንፋው፣ ዱቄት የሚመስለውን ጣለው (ዱቄቱ ከቀረ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል)፣ ከሽምብራ የሚበልጠውንም አውጣው፣ መሃል ያለውን እጠበው። ከዛ ሁለት እጅ ሬድ አሽ ወይ ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ወይ ቀላል ቀይ አፈር። በቃ። ጥቁሩን ኮቲቻ አፈር አትንካው፣ ሲረጥብ ያፍናል ሲደርቅ ይሰነጠቃል ስሩንም ይበጥሳል። ፍግ ደግሞ ያልበሰለ ከሆነ ያቃጥላል፣ የበሰለም ቢሆን ሲበዛ ቅጠሉ ለስላሳና ረዥም ይሆናል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ደቃቅ የግንባታ አሸዋ ብቻውን ደግሞ ይጠቀጠቅና አየር ይዘጋል፣ አሸዋ ከሆነ ሻካራው የወንዝ አሸዋ ነው።

አንድ ሳልናገር የማላልፈው፣ ብዙ ሰው ፖቱ ስር ጠጠር ይደለድልና ውሃው ወርዶ ጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀማል ብሎ ያስባል። እንደዛ አይሰራም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ አፈሩ ጠግቦ እስኪሞላ ድረስ እዛው ጠጠሩ አፋፍ ላይ ነው የሚቆመው፣ ስለዚ እርጥቡ ክፍል ወደ ስሩ ነው የሚጠጋው። ጠጠር ካለህ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው። ፖቱ ደግሞ የግድ ቀዳዳ ይኑረው፣ ያማረ የቡና ሲኒም ይሁን ሌላ ቀዳዳ የሌለው ነገር ውስጥ የተተከለ ሰኩለንት ሰነበተ እንጂ አልኖረም። ያልተቀባ ሸክላ ካገኘህ በግድግዳውም ስለሚተነፍስ ክረምት ላይ በጣም ይረዳል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አፓርትመንቴ ውስጥ ያለው ተክሌ ስገዛው ጥቅጥቅ ያለ ክብ ነበር፣ ክረምቱን (የዚህን አገር ዊንተር ማለቴ ነው) አንገቱ ረዘመ፣ ቅጠሎቹም ተራራቁ ወደ ታች ታጠፉ፣ አሁን የማላውቀው ተክል ሆኗል። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን? እናቴ አዲስ አበባ ያለችው ያው ተክል እኮ ውጭ ሜዳ ላይ ጥላው ነው የሚያምርላት።

መልስ፦ ማዳበሪያ አይደለም፣ እንዳትጨምሪበት። ብርሃን ፍለጋ ነው የተንጠራራው። የእናትሽ ተክል ያማረው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው፣ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ናት ከፍታዋም ትልቅ ነው፣ በበጋ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ያንቺ ሜሪላንድ ደግሞ በታኅሣሥ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ በመስኮት ተጣርቶ የሚገባው ደግሞ ከዛም ያነሰ።

የተሳበው አንገት ተመልሶ አያጥርም፣ ይሄን ቁርጡን ልንገርሽ። ግን ተክሉ አልሞተም፣ እንዲያውም ብዙ ታደርጊዋለሽ። የላይኛውን ጽጌረዳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አንገት አስቀርተሽለት ቁረጪው፣ ቁስሉ ይጠግግ፣ ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጪው፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ስር ያወጣል። ጉቶውን አትጣይው፣ እዛው ፖቱ ውስጥ ተዪው፣ ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ ከነበረበት ቦታ ጎን ጎኑን ልጆች ያወጣል። ይሄን ግን ክረምት መሃል ላይ አታድርጊው፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ብርሃኑ ሲመለስ ነው።

ለሚቀጥለው ክረምት እዛ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፈልጊ፣ መስታወቱ ስር አስጠጊው። ከሌለሽ ነጭ ፉል ስፔክትረም (የፀሐይን ብርሃን የሚመስል) ኤልኢዲ መብራት ከተክሉ 20 ወይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ስቀዪ፣ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ታይመር ቢኖረው ይሻላል ማታ መጥፋት አለበት። ምክንያቱም እነዚህ ተክሎች እንደ ሌላው አይደሉም፣ ቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ውሃቸውን ይቆጥባሉ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ነው ከፍተው አየር የሚያስገቡት። ውሃውን ደግሞ በክረምት ቀንሺ፣ ብርሃኑ ትንሽ ሆኖ ውሃ ካገኘ ነው ይበልጥ የሚሳበው። ግንቦት ላይ ውጭ ስታወጪው በአንዴ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪ፣ በ10 ወይ 14 ቀን ውስጥ ከጥላ ወደ ጠዋት ፀሐይ ከዛ ወደ ሙሉ ፀሐይ አለማምጂው፣ አለዚያ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይወጣበታል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ ቅጠሉ እስኪረግፍ አይጠፋም።

እግረ መንገዴን ለአዲስ አበባ ሰዎች፣ ደቡብ መስኮት የሚለው የፈረንጆች ምክር እናንተን ያን ያህል አይመለከትም። እኛ ጋ ፀሐይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ አናት ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ በመስኮት አትገባም። ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጣው ምስራቅ መስኮት ነው፣ ክረምት ላይም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ የጠዋቷ ፀሐይ ለምስራቁ ትደርሳለች።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ክፍሌ ትንሽ መስኮት አላት፣ ኤሲ ቀንና ማታ ይሰራል። እመቤቲቱ የጣለችውን ትንሽ ተክል አንስቼ ነው የማሳድገው፣ ፎቶውን ልኬያለሁ። ውጭ ላወጣው ፈራሁ፣ ውስጥም እየገረጣ ነው። እባክህ እንዳይሞትብኝ።

መልስ፦ እህቴ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ አይሞትም፣ ውጭ ባለማውጣትሽም ጥሩ አደረግሽ። ኤኬቬሪያ የሪያድን ሐምሌና ነሐሴ ውጭ ሆኖ አይችለውም፣ ቀኑን 45 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ቢያመልጥ እንኳ ሌሊቱም 30 ገደማ ነው፣ ከላይ እንዳልኩት እነዚህ ተክሎች የሚተነፍሱት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ዘግተው ይቆያሉ እድገታቸውም ይቆማል። የቆመ ተክል ደግሞ ውሃ አይጠጣም፣ በዛ ሙቀት ውስጥ እርጥብ አፈር ላይ ከተቀመጠ በሁለት ሦስት ቀን ይቀቀላል።

ስለዚ ውስጥ ይሁንልሽ። መስኮቷ ስር አስጠጊው፣ ከሰዓት በኋላ መስታወቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ስስ መጋረጃ በመሃል ይኑር። የኤሲው አየር በቀጥታ እንዳይመታው ዞር አድርጊው። ውሃ የታችኞቹ ቅጠሎች ለስለስ ሲሉ ብቻ፣ ማታ ላይ። ፖቱን በየሳምንቱ ትንሽ ብታዞሪው ወደ አንድ ጎን አይጣመምም። ከኅዳር እስከ የካቲት የሪያድ አየር ለዚህ ተክል በጣም የሚስማማው ጊዜ ነው፣ ያኔ ከተቻለሽ የጠዋት ፀሐይ የምታገኝበት ደረጃ ወይ በር ላይ አውጪው፣ ስታዪው ቀለሙ ይመለሳል።

ሌላ ማግኘት ከቻልሽ ሃዎርቲያ የሚባለውን ፈልጊ፣ እሱም እንደ ጽጌረዳ ክብ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቁጥቋጦ ስር ጥላ ላይ የለመደ ስለሆነ ለትንሽ መስኮት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ደህና ሁኚልን፣ ሲያገግም ፎቶ ላኪልን።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠራረግኩት፣ ጎረቤቴ ደግሞ ተባይ ነው አለችኝ።

መልስ፦ ሁለት ነጭ አለ። አንደኛው ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ እኩል የሸፈነ ስስ ዱቄት ነው፣ ጣት ሲነካው አሻራ ይቀርበታል። እሱ የተክሉ የራሱ ሰም ነው፣ ከፀሐይ ይከላከልለታል ውሃውንም ያንሸራትትለታል። የጠረግሽው ቅጠል ላይ ተመልሶ እንደ ድሮው አይሸፍንም፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ግን ይዞት ስለሚመጣ አትጨነቂ፣ ከአሁን በኋላ ስታነሺው ፖቱን ወይ ግንዱን ያዢ።

ሁለተኛው ነጭ ግን ጠላት ነው። እሱ ቅጠሉን አይሸፍንም፣ ቅጠልና ግንድ የሚገናኙበት ጉርጓድ ውስጥ እንደ ጥጥ ብጥስጣሽ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ቀረብ ብለሽ ስታዪው ከጥጡ ስር ሞላላ፣ ሮዝ መሳይ፣ በጣም ቀስ ብላ የምትሄድ ነፍሳት አለች። ሚሊበግ ይሏታል። የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠች የሚያጣብቅ ነገር ትተዋለች፣ ጉንዳን እሱን ፍለጋ ይመጣል፣ ጉንዳኑም እሷን ከጠላት ይጠብቃታል ወደ ሌላ ፖትም ያዛምታታል። ስለዚ ሰኩለንትሽ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካየሽ ሌላው ሁሉ ከመድረሱ በፊት ቅጠሎቹን ገለጥ ገለጥ አድርገሽ እዪ።

መድኃኒቱ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ነው። የጆሮ ጥጥ ነክረሽ እያንዳንዷን ንኪያት፣ ወዲያው ቀለሟ ይቀየራል። ከፀሐይ አርቀሽ፣ ማታ ላይ፣ በየ5 ወይ 7 ቀኑ ለአንድ ወር ድገሚው፣ ምክንያቱም እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም። ተክሉንም ከሌሎቹ ለይው። ምንም ነገር ሳይታይሽ ተክሉ ዝም ብሎ እየቀጨጨ ከሄደ ደግሞ ከፖቱ አውጥተሽ ስሩን እዪ፣ ስር ላይ የሚኖር ሚሊበግም አለ፣ እዛ ካገኘሽው አፈሩን ሁሉ ጥለሽ ስሩን አጥበሽ በአዲስ ትከዪው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ተክሌ ከመሃሉ ረዥም አገዳ አወጣ፣ አበባ ሊያወጣ ነው መሰለኝ። አንድ ቲክቶክ ላይ አበባ ካወጣ ይሞታል ሲሉ ሰማሁ፣ ልቁረጠው?

መልስ፦ እንደ ዓይነቱ ነው። ኤኬቬሪያ ከሆነ አገዳው የሚወጣው ከቅጠሎቹ መሃል ከጎን በኩል ነው፣ በየዓመቱ ያብባል አይሞትም። አበባው ደወል መሳይ፣ ብርቱካንማ ወይ ሮዝ ነው፣ ማየቱ ደስ ይላል ተወው። ተክሉ አቅሙ የደከመ ከመሰለህ ብቻ ቁረጠው። አገዳው ጫፍ ላይ ግን አፊድ የሚባሉ ፈሳሽ የሚመጡ ትንንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ስለሚሰበሰቡ ተከታተል።

ጽጌረዳው ራሱ፣ ልቡ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ተስቦ እንደ ሾጣጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ኤዮኒየምና ሴምፐርቪቩም የሚባሉት የሰኩለንት ዓይነቶች እንደዛ ናቸው፣ ያበበው ጽጌረዳ ዘሩን ሰጥቶ ይደርቃል። አበባውን መቁረጥ አያድነውም፣ ውሳኔው ካለፈ ቆይቷል። ግን ሴምፐርቪቩም ከማበቡ በፊት ዙሪያውን ልጆች ያወጣል እነሱ ይቀጥላሉ፣ ቅርንጫፍ ያለው ኤዮኒየምም ያበበው ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚሞተው። ቃጫና ዘመዶቹ አጋቬዎችም እንዲሁ ናቸው፣ ብዙ ዓመት ቆይተው አንዴ ያንን ረዥም ምሰሶ ያወጡና ያበቃላቸዋል። እሬት ግን በየዓመቱ ያብባል፣ አይሞትም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ባለፈው ክረምት በረንዳ ላይ የተውኩት ሁሉ በውርጭ ቀልጦ ሞተ። ጭራሽ ውጭ የሚያድር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ያልኩት ሴምፐርቪቩም ነው። አበባ ሱቅ ገብተህ ሃውስቩርስ በል፣ ያመጡልሃል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የአውሮፓ ተራራ ተክል ስለሆነ በረዶ ስር ያድራል፣ እንዲያውም ውርጭ ካላገኘ ነው የሚከፋው ቤት ውስጥ አታስገባው። ሻርለማኝ የሚባለው ንጉሥ ከ1,200 ዓመት በፊት ባወጣው የእርሻ ደንብ አትክልተኛው በቤቱ ጣራ ላይ ይሄን ተክል እንዲኖረው አዟል፣ ሰዉ መብረቅ ይከለክላል ብሎ ያምን ነበር። ኤኬቬሪያህን ግን ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቅጠሉ ይፈነዳል፣ አንተ ያየኸው መቅለጥ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ቅጠል ነቅሎ መሬት ላይ መጣል ብቻ ይበቃል ይላሉ፣ እኔ ግን ሁሉም ይበሰብሱብኛል። ደግሞስ እኛ ገደል ላይ ይሄንኑ የሚመስል ተክል አለ፣ ነቅዬ ባመጣውስ?

መልስ፦ ቅጠሉ ከስሩ ሙሉ ሆኖ ነው መውጣት ያለበት። ወፈር ያለውን ጤነኛ ቅጠል ይዘሽ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያደረግሽ አወዛውዢው፣ ጠቅ ብሎ ይለቃል። ግንዱን የያዘበት ጫፍ ለስላሳ ሆኖ እንደ ጨረቃ ግማሽ ጎበጥ ካለ ጥሩ ነው፣ ተቆርጦ ከታች ትንሽ ከቀረ ግን አያበቅልም፣ ምክንያቱም አዲሱ ተክል የሚነሳው ከዛች ጫፍ ነው። ጥላ ቦታ ደረቅ አፈር ላይ ጋደም አድርጊው አትቅበሪው፣ ውሃም አትስጪው። ከሳምንታት በኋላ ጫፉ ላይ መጀመሪያ ሮዝ የሆኑ ክር የመሰሉ ስሮች ይወጣሉ፣ ከጎናቸው የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጽጌረዳ ትታያለች፣ ያኔ ስሩ ላይ ትንሽ አፈር አልብሺና በቀጭኑ ማርጠብ ጀምሪ። እናት ቅጠሉ ራሱ ደርቆ እስኪላቀቅ አትንቀዪው፣ ልጁ ከእሱ እየጠጣ ነው። ይሄ ለኤኬቬሪያና ለዘመዱ ለግራፕቶፔታለም ይሰራል፣ ለእሬት፣ ለኤዮኒየምና ለሴምፐርቪቩም በቅጠል አይሆንም፣ አትድከሚ።

የገደሉ ተክል የምትዪው ቅጠሉ ዳር ላይ ደቃቅ ነጭ ፀጉር ካለው፣ አበባውም ቢጫ ከሆነ፣ ኤዮኒየም ሌውኮብሌፋረም ሊሆን ይችላል፣ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ነው፣ በኤርትራም በየመንም በኬንያም አለ። የኤዮኒየም ዘመዶቹ አብዛኞቹ ካናሪ ደሴቶች ላይ ነው ያሉት፣ እኛ አገር ገደል ላይ መገኘቱ ሊያኮራን ይገባል። በበጋ ቅጠሉን ሰብስቦ ጭብጥ ሲያክል የሞተ መስሎሽ እንዳትነቅዪው፣ ተኝቶ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይገለጣል። እባክሽ ከነስሩ አትንቀዪው። ከብዙ ቅርንጫፍ መሃል አንድ ጫፍ በምላጭ ቁረጪና ቁስሉ ይጠግግ፣ ሬድ አሽ በበዛበት አፈር ትከዪው፣ ከቅርንጫፍ በቀላሉ ይይዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደድሊያ የሚባለውን የገደል ሰኩለንት ሌቦች ለሽያጭ እየነቀሉ ብዙ ስለወሰዱት በ2021 ለብቻው ሕግ ወጥቶለታል፣ እኛ ጋ እዛ ደረጃ እንዲደርስ አልፈልግም። እሬትም እንደዛው ነው፣ ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዘር በሙሉ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር አለበት፣ ወደ ውጭ አገር በሻንጣ ከታችሁ ለመውሰድ የምታስቡ ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ሰርተፊኬት ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል፣ አፈር ያለበት ተክል ደግሞ አሜሪካም አያስገቡትም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ድመትም የ2 ዓመት ልጅም አለኝ፣ አደጋ አለው?

መልስ፦ ኤኬቬሪያና ሃዎርቲያ ለድመትና ለውሻ መርዝ ተብለው ከሚጠቀሱት ውስጥ የሉም። እሬት ግን ያ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ድመት ያስታውካል ሆድም ያስቀምጣል። ከሁሉ መጠንቀቅ ያለብዎት እንዳሁላንና ዘመዶቹን ነው፣ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ፖት ቀይና ቢጫ አበባ አውጥቶ የሚሸጠው ካላንቾም ከነሱ ነው፣ ልብ ላይ የሚሰራ መርዝ አለው፣ ከብትም ይገድላል። እሱን ከፍ ያለ ቦታ ያድርጉት ወይም ጭራሽ አያምጡት። እሾህ ያለውን አጋቬ ደግሞ ከልጁ ዓይን ከፍታ ያርቁ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ደማቅ ሰማያዊ ሰኩለንት አየሁ፣ ዘሩም ኦንላይን ይሸጣል፣ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። የሚያብረቀርቅ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ሱቅ የሚሸጠው ቀለም የተረጨበት ነው፣ ቀለሙ ብርሃን ይዘጋበታል፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ታየዋለህ። የዘሩ ፎቶ ደግሞ በኮምፒውተር የተቀባ ነው፣ የሚመጣልህ ዘር ምን እንደሚያበቅል አይታወቅም። እውነተኛው የሰኩለንት ቀለም ግራጫ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ ድረስ አለ፣ የሚደምቀውም ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲያገኝ ነው፣ ስለዚ ዱባይ ላይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በረንዳህ ላይ የምታየውን ቀለም ጠብቀው።